የዛር ጩኸት በብረት ሽቦ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አሰላ ሲደርስ ቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው ጭላሎ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ከከተማይቱ ራስጌ ቆሞ፣ የገብሱና የስንዴው ማሳ በግርጌው እስከ ዓይን መድረሻ ተዘርግቶ ሲታይ፣ አገሩ የዝምታ አገር ይመስላል። ይሁንና በዚሁ ደጋ ዝምታውን የሚሰነጥቅ፣ ለባዕድ ጆሮ ቅጥ ያጣ ሁከት መስሎ የሚሰማ፣ ለባለቤቶቹ ግን ሕግ የሆነ አንድ ጩኸት አለ። «ኢያ ሲንቄ» ይባላል።

ሲንቄ ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ኦሮሞ ልጃገረድ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች፤ ሙሽራይቱም ይዛት ወደ አዲሱ ቤቷ ትገባለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በትሪቱ የባለትዳሯ ሴት መብት ምልክት ናት። አራስ ሳለች ባልዋ ቢመታት፣ ወይም ክብሯ በሌላ መንገድ ቢደፈር፣ ሴቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ከደጅ ትወጣና ትጮኻለች። የሰማች ሁሉ ሊጡን በቡሃቃው፣ እሳቱን በምድጃው ትታ፣ የየራሷን ሲንቄ አንሥታ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ እልልታው፣ ዘፈኑ፣ ወቀሳውና ምሬቱ በአንድ ላይ ይገነፍላሉ። አጥፊው በዘፈን ይወረፋል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጥፋቱ ተመርምሮ፣ ካሣው እስኪቆረጥ ድረስ ሴቶቹ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ጎሳዎች ጦር በተማዘዙ ጊዜም በመካከል ገብተው ሲንቄያቸውን ሲዘረጉ፣ ያን አልፎ ጦር መወርወር ታላቅ ነውር ነው።

ይህ ድምፅ ሙዚቃ ነው ወይስ ችሎት? ጥያቄው ራሱ ከሩቅ የቆመ ሰው ጥያቄ ነው። ከመካከል ላለችው ሴት ሁለቱ አልተለያዩም። ድምፁ የሚደራረበው፣ አንዱ ሌላውን የሚያቋርጠው፣ ዜማው ሳያልቅ ጩኸት የሚገባበት ሥርዓት ስለሌለ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሴት የምትመሰክረው የራሷ ነገር ስላላት ነው።

በዚያው በአርሲ ምድር ሌላም ስሙ የገነነ ስፍራ አለ፤ ፈረቀሳ። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርታት «የአርሲ እመቤት» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሞሚና በዚህ ስፍራ ተቀምጠው፣ በመንፈስ የተያዙትንና የታመሙትን በመርዳት ስማቸው በሰፊው ተሰምቷል። ካረፉም በኋላ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ሆኖ ስእለቱን ይዞ ወደ ፈረቀሳ መውረዱን አላቋረጠም። የመንፈሱ ነገር እውነት ነው ሐሰት የሚለው ክርክር የሃይማኖት አባቶችና የሐኪሞች ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ግን ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ውዳሴውና ማጎራቱ መኖሩን ሊክድ አይችልም፤ ያ ሁሉ ድምፅ ስለ አንድ የታመመ ሰው ሲባል የሚሰማ መሆኑንም እንዲሁ።

ነገሩን ከሲንቄና ከፈረቀሳ መጀመር ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዐሥርታት የዓለም ወጣቶች ጩኸትን፣ ትርምስንና የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅን አንድ ላይ አቅልጠው የሚሠሩትን፣ ብላክ ሜታል ወይም በቀጥታ ሲተረጎም «ጥቁር ብረት» የሚሉትን ሙዚቃ ያደምጣሉ። በማሽን የተሠራ ሁከት እንዴት ጥበብ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የታሪኩ መነሻ ብዙ ጊዜ ፓሪስ ላይ ይተከላል። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ግን የተቀዳው ካይሮ ውስጥ፣ ከዛር ቤት ነው። የዛር መንገድ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይመልሳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛር በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። መንፈሱ የሚሰፍርበት ሰው «የዛር ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ዛሩ ነው። እጣኑ ይጤሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ዛሩ ሲመጣ ፈረሱ ያጎራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይንዘፈዘፋል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ የማጎራት ስልት፣ የራሱም ፉከራ አለው። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ ጦረኛው ጠላቱን ገድሎ ሲመለስ የሚያሰማው ፉከራ በዛር ቤት የመንፈሱ መታወቂያ ሆኖ ይገኛል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ፣ መልካም አየሁ የተባሉትን ታዋቂ ባለዛር ሥርዓት ከቅርብ ተከታትሏል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም የዛርን ሥርዓት ከቴአትር ጋር አነጻጽሮ፣ ተዋናዩ በሚጫወተው ቴአትርና ሰው በሚኖረው ቴአትር መካከል ያለውን ልዩነት መርምሯል። የመድረክ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሆኖ ሲናገር እያስመሰለ ነው ወይስ እየሆነ ነው የሚለው ጥያቄ ጎንደር ውስጥ የተነሣ የቴአትር ጥያቄ ነውና።

ዛር ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዓረብ አገሮች መዛመቱን ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ከተሸካሚዎቹ መካከል በ19ኛው መቶ ዓመት በባሪያ ንግድ ተይዘው የተሸጡ ሴቶች ነበሩ። ከአገራቸው ተነቅለው፣ ስማቸው ተለውጦ፣ በባዕድ ቤት ወጥ ሲሠሩና ልጅ ሲያሳድጉ ኖረዋል። ጓዝ አልያዙም፤ ጓዛቸው ከውስጣቸው የነበረው ዜማና መንፈስ ብቻ ነበር። የታሪክ ምፀት ሆኖ እመቤቶቻቸው ከእነርሱ ተማሩት። በሱዳንና በግብፅ ዛር ውስጥ ዛሬም «ሐበሻ» የሚባሉ መናፍስት መኖራቸው የዚያ ጉዞ አሻራ ነው። የተሸጠችው ሴት ስም ጠፍቶ የመንፈሷ አገር ስም ቀረ።

በ1944 ካይሮ ውስጥ የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ሐሊም ኤል ዳብ የግብርና ተማሪ ነበር። እህል የሚነግድ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ሙዚቃውን የተማረው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ነው። ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። ማሽኑ የዛሬ ሰው የሚያውቀው ዓይነት አልነበረም። ካሴት ገና አልተፈጠረም፤ ድምፁ የሚያዘው ከፀጉር እምብዛም በማይወፍር የብረት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ከአንዱ እንዝርት ወደ ሌላው ሲጠመጠም በመካከሉ ማግኔት ያገኘዋል፤ በማይክሮፎኑ የገባው ድምፅም በብረቱ ላይ የማግኔት አሻራ ሆኖ ይቀራል። ክብደቱ ለተሸካሚ ፈተና ነበር። ወጣቱ ይህን ማሽን ይዞ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር እንደ ሴቶቹ ተሸፋፍኖ፣ ወንድ ወደማይገባበት የሴቶች ዛር ገባ። ቀረጸም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለሙዚቃ ታሪክ አዲስ ነገር ነው። ኤል ዳብ የቀዳውን እንደ ባህል ማኅደር አላስቀመጠውም። ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመልሶ ድምፁን በገደል ማሚቶ ክፍል ውስጥ አሰማው፤ የክፍሉን ግድግዳ እያንቀሳቀሰ ማሚቶውን አረዘመው፣ አሳጠረው፤ እንደገና ቀዳው። በኤሌክትሪኩ ኃይል መጨመርና መቀነስ ድምፁን ለወጠው። ዋናውን፣ ወፍራሙን ድምፅ እየላጠ ጣለና ከላዩ የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀረ። ድንጋይ ጠራቢ ከአለቱ ውስጥ የማይፈልገውን እየፈነቀለ ምስሉን እንደሚያወጣ ማለት ነው። የተገኘው ሥራ የዛር መግለጫ የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው። ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሆኖ፣ በዚያው ዓመት በካይሮ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ጩኸት ቀርጾ የሠራቸውን ጥናቶቹን በፓሪስ ሬዲዮ ያሰማው በ1948 ነው። አራት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። የሙዚቃ መጻሕፍት ግን ለረጅም ጊዜ ትምህርቱን ከሼፈር ጀምረዋል፤ ካይሮ ከፓሪስ እንደምትቀድም ለማመን ሰነፉ።

ከዚያ ሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆነው ክፍል በ2000 በወጣ ዲስክ ላይ ይገኛል። የሚያደምጠው ሰው ቃል አይለይም። ዝማሬው ከዋሻ ውስጥ እንደሚወጣ ጭጋግ ይተማል፤ አንዳንዴ የሴት ድምፅ ብቅ ብሎ ሳይያዝ ይሟሟል። ያስፈራል፤ ያምራልም። የ«ጥቁር ብረት» ወጣቶች ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ኤሌክትሪክና በብዙ ጩኸት የፈለጉት ጨለማ በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ አስቀድሞ አድሮ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን የጥበብ ታሪክ ማድነቅ ብቻ አይደለም። ሽቦው ምን ወሰደ፣ ምንስ ተወ? ድምፁን ወሰደ። የታመመችውን ሴት ተወ። በዛር ቤት ከበሮው ስልቱን የሚለውጠው የፈረሷን ዓይን፣ ትከሻና ትንፋሽ እያየ ነው፤ ጭብጨባው የሚቆመው ዛሩ የሚሻውን ተናግሮ ሲረካ ነው። ይህ ሁሉ መልስና ምልልስ ነው። ማሚቶው ግን ለማንም አይመልስም፤ ራሱን ይደግማል። ሴቶቹ ሳይጠየቁ ተቀዱ፤ ዲስኩ የሚታወቀው በአቀናባሪው ስም ነው፤ ያጨበጨቡት፣ የዘመሩትና ያጎሩት ሴቶች ስም ለአድማጭ አልደረሰም። በባሪያ ንግድ ስማቸውን ያጡት የሐበሻ ሴቶች ቅርስ በማሽን ዘመንም ያለ ስም አለፈ። ሥራው ግኝት መሆኑ ይህን አይሰርዘውም፤ ይህም የሥራውን ታላቅነት አይሰርዘውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

ኤል ዳብ በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ለማርታ ግራሃም የዳንስ ድራማ «ክሊተምኔስትራ» የደረሰው ሙዚቃ በ1958 ስሙን አስጠራው። በቀጣዩ ዓመት በኒውዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብቶ፣ በዘመኑ ታላላቅ በነበሩት ማሽኖች መሥራት ጀመረ። «ለይላና ገጣሚው» የተባለው ድራማው በ1964 ማዕከሉ ባወጣው ሸክላ ላይ ታትሟል። ሰውየው እንግዲህ የዓለም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሚሠራበት ማጀት ውስጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ፣ በ1962፣ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መጣ። የዛር ድምፅ ወደ ተነሣበት አገር መጣ ማለት ነው። ማሽን አላተከለም። የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት፣ የእምቢልታ፣ የበገናና የከበሮ ተጫዋቾችን እየፈለገ ሰበሰበ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። እነዚህ መሣሪያዎች በልማድ በአንድ መድረክ የማይገናኙ ነበሩ፤ በገና የጸሎት ነው፣ ማሲንቆ የጠጅ ቤትና የድግስ ነው፣ እምቢልታ የክብረ በዓል ነው። አንድ ላይ ማስቀመጡ በራሱ ድፍረት ነበር። በካይሮ የሰውን ድምፅ ከሰው ለይቶ የወሰደ አቀናባሪ በአዲስ አበባ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ ሌላውን እንዲያዳምጥ አደረገ። ኤል ዳብ በ1964 ከኢትዮጵያ ሲሄድ ቡድኑ አልፈረሰም፤ ኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ለዓመታት ሠርቷል። የዚያን ቡድን ሥራ «ጥንታዊ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ይሳሳታል። ዘመናዊነቱ ከማሽኑ የመጣ አልነበረም።

ማሽኑ በዚያው ዐሥርት ወደ አርሲ የገባው በሌላ በር ነው። በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ተቋቋመ። የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ትርፉን ያዩ ባለ መሬቶች ግን ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ ጭሰኛውን ከማሳው ነቀሉት። የደጋው ዝምታ በሞተር ሲሰበር የሰው ድምፅ ከማሳው ጠፋ፤ በደቦ የሚታረሰው፣ በዘፈን የሚታጨደው እህል በአንድ ሹፌር እጅ ገባ። ሙዚቃውም ከዚህ ብዙ የራቀ ዕጣ አልገጠመውም። ከ1974 በኋላ በመጡት የሰዓት እላፊ ዓመታት የምሽት ቤቶች ተዳከሙ፤ ሸክላ በካሴት ተተካ፤ ዐሥር ሰው የሚይዘው ባንድ ቀስ በቀስ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ድምፃዊ ተለወጠ። ለዚህ የብቸኝነት ሙዚቃ ደግ ምስክር የሚሆነው ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 በዋሺንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አጣምሮ አንድ ካሴት ሠራ። ባንዱ የለም፤ ጓደኞቹ የሉም፤ ማሽኑ ይመታለታል። ከብዙዎቹ የኪቦርድ ካሴቶች የሚለየው ብቸኝነቱን ሳይሸሽግ መጫወቱ ነው።

«ጥቁር ብረት» የተባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው። በ1990ዎቹ ኖርዌይ ላይ ሥር ሰደደ፤ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ወደ ወንጀል ገብተው ቤተ ክርስቲያን እስከ ማቃጠል ደረሱ፤ በ1992 በበርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነዷል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ሙዚቃው ብቻ ማውራት ሐቀኝነት አይደለም። በ1999 ደግሞ ዶድሃይምስጋርድ የተባለው የኦስሎ ባንድ «666 ኢንተርናሽናል» የተሰኘ አልበም አወጣ። የጊታሩ መፋጨት፣ እንደ ሸሸ ፈረስ የሚጋልበው ከበሮ፣ የፋብሪካ የሚመስለው የኤሌክትሮኒክ ምት፣ በመካከል ድንገት የሚመጣው ለብቻው የሚያለቅስ ፒያኖ፣ ሁሉም ይጋጫል። ድምፃዊው እንደ ተያዘ ሰው ያጎራል። የተዋጣለት ሥራ ነው። የዛርን ቤት የሚያውቅ አድማጭ ግን ዙሪያውን ቃኝቶ «ፈረሱ የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ሁከቱ አለ፤ ሁከቱ የተነሣለት ሰው የለም። ማንንም አይፈውስም፤ ሊፈውስም አልተነሣም።

ከዚህ የተለየ መንገድ መኖሩን ያሳየው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 ይፋት ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ይዞ፣ ኋላ ወደ ክላሪኔትና ሳክስፎን ገባ። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። የሠራው ታላቅ ነገር የጦረኛውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ማጉራት ነው። ቃል የለም፤ ትንፋሹ ግን ይዝታል፣ ይጠራል፣ ይሳደባል። የውጭ ሐያስያን ሲሰሙት ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። ምንጩ ግን አሜሪካ አልነበረም፤ ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ያደገበት ምድር ነበር።

በ2002 ዘ ኤክስ የተባለው፣ በ1979 የተመሠረተው የሆላንድ የፓንክ ባንድ ኢትዮጵያን ጎበኘ። በ2004 የባንዱን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ጌታቸውን አምስተርዳም ጠሩት። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ይፋጫሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከበሮው እንደ ድንጋይ ናዳ ይወርዳል፤ ስሱ ጆሮ ያለው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ጊታሮቹ ለሳክስፎኑ ይመልሳሉ። ሽለላው ሲነሣ ዝቅ ይላሉ፤ ሲያጎራ ይከተሉታል፤ ትንፋሽ ሲወስድ «በለው!» እንደሚል አጃቢ ይገቡበታል። ሽለላ ያለ አጃቢ አይቆምም፤ ይህን ከኢትዮጵያ ውጭ የተወለዱ ሙዚቀኞች እንዴት እንደተረዱት ሲታሰብ የሚደንቅ ነው። ምናልባት ጎልማሳው ሽማግሌ ከፊታቸው ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ስለነበር ይሆናል። ሽቦ ላይ ተቀድቶ ቢላክላቸው ኖሮ ሌላ ነገር ይሠሩ ነበር።

ጌታቸው በመድረክ ላይ የጦረኛ ካባ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይቆም ነበር። ይህ ለቱሪስት የቀረበ ማስጌጫ መስሎ የሚታየው ይኖራል። በፉከራ ሕግ ግን ፎካሪው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ስሙን፣ የፈረሱን ስም፣ ወገኑን ሳይጠራ የሚፎክር የለም። ዛሩም በፉከራው ነው የሚለየው። «ኢያ ሲንቄ» ብላ የወጣችው የአርሲ ሴትም የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደሆነች የማያውቅ ከደጇ የሚሰበሰብ የለም። በሞዓ አንበሳ ሽፋን ላይ ቀድሞ የተጻፈው የጌታቸው መኩሪያ ስም ነው፤ የባንዱ ስም ይከተላል። አብረው በብዙ የአውሮፓ ከተሞችና በኒውዮርክ ተጫውተዋል፤ በ2012 ሁለተኛ አልበም አውጥተዋል። ጌታቸው በኤፕሪል 2016 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ሐሊም ኤል ዳብ በተከታዩ ዓመት በ96 ዓመቱ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሞተ።